አበባ የሌላት የሙሽራ መኪና

ፎቶግራፉ ላይ ያለነው አምስት ነን። ከግራ ልጀምር። መጀመሪያ የሙሽራዋ አክስት እትዬ በላይነሽ፣ ሁለት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን ሆን ብለው ከካሜራው አዙረው። ቀጥሎ የአጃቢዋ ፔጆ ሹፌር ቶሎሳ፣ እንደ ልማዱ እየሳቀ። ከዚያ ሙሽራዋ ማርታ፣ የቬሎዋን ጫፍ ከአቧራው ላይ በአንድ እጇ ሰብስባ። አጠገቧ አባቷ ጋሽ ኃይሉ፣ ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ሰፍቷቸው። ከጎናቸው ዝቅ ያለች ቀይ የስፖርት መኪና ኮፈኗን ከፍታ ቆማለች። ከኮፈኑ ሥር ጀርባውና የቆሸሸ ሱሪው ብቻ የሚታየው ሰው እኔ ነኝ። ፎቶውን ያነሳው የሠርጉ ፎቶ አንሺ ሰሎሞን ሲሆን እሱን ከጨመርን ስድስት እንሆናለን።

ይህን ፎቶ ባለፈው ሰሞን የማርታ የመጨረሻ ልጅ በስልክ ላከችልኝ። ከሥሩ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ጋሼ ሙሉጌታ፣ ይሄ ራስ የሌለው ሰውዬ ማነው? ደግሞስ የሙሽራ መኪና እንዴት አንድ አበባ እንኳ አይኖራትም?» ለመጀመሪያው ጥያቄ ወዲያው መለስኩላት። የሁለተኛው መልስ በስልክ ተጽፎ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ ይኸው ወንበሬን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ እጽፋለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። አዳማን ሁላችንም ናዝሬት ነበር የምንላት። እኔ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ባለው የጋሽ ከድር ጋራዥ እሠራ ነበር። መካኒክነትን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም፤ አስተማሪዎቼ የፈረሱ መኪናዎች ነበሩ። አንዱን ፈትቼ መልሼ ስገጥም አንዲት ብሎን ከተረፈች፣ ማንም ሳያየኝ እንደገና ሁሉንም ፈትቼ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ብዙ አላወራም ነበር። ጋሽ ከድር ደንበኛ ሲመጣ፣ «ይሄ ልጅ ከሞተር ጋር እንጂ ከሰው ጋር አልተዋወቀም» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። የወሎ ሰው ናቸው፤ ቀልዳቸውም እንደ በርበሬያቸው ነው።

ጋሽ ኃይሉ ታስረው ብዙ ዓመት ቆይተው የተፈቱት በዚያ ዓመት ጥር ላይ ነበር። ለምን እንደታሰሩ ማንም በግልጽ አልነገረኝም፤ በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም። ከእስር ሲወጡ ቤት ከመግባታቸው በፊት በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደው ሸራውን ገለጡ አሉ። ከሸራው ሥር በጎልማሳነታቸው ሲወዳደሩባት የነበረችው የጣሊያን ስሪት መኪና አለች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ። ጎማዎቿ ተንፍሰዋል። በሹፌሩ ወንበር ላይ ዶሮ እንቁላል ትጥልበታለች።

«ማርታን ለሙሽራው ራሴ በዚች መኪና ነው የማደርሳት» አሉኝ ወደ ጋራዡ በመጡ ቀን። «እስር ቤት ልትጠይቀኝ ስትመጣ በአጥር መካከል ቃል ገብቼላታለሁ። መንገድ ላይ ሳልቆም አደርስሻለሁ ብያታለሁ።»

ሙሽራው ዮናስ የሚኖረው ኩየራ ነው፣ ሻሸመኔ ሊገቡ ትንሽ ሲቀር። የእነሱ ቤተ ክርስቲያን በዚያ ጊዜ በመንግሥት ታሽጎ ስለነበር ጸሎቱ የሚደረገው በሙሽራው አባት ግቢ፣ ድምፅ ሳይበዛ ነበር። ከናዝሬት እዚያ ድረስ ስምጥ ሸለቆውን ሙሉ መውረድ ነው፤ ያውም በሚያዝያ። የማርታ እናት ልጅቷ ሕፃን ሳለች ስላረፉ፣ ያሳደጓት እትዬ በላይነሽ በዚህ ሐሳብ አልተስማሙም። «ከዶሮ ቤት በወጣች መኪና ልጄን አልድርም» አሉ። ግን ወንድማቸውን ያን ያህል ዓመት ተለይተው ኖረዋልና፣ እምቢ ማለቱ አቃታቸው።

ሞተሩን ማስነሳቱ ከፈራሁት ቀለለ። ካርቡራተሩን አጠብኩ፣ ፍሬኑን ሠራሁ፣ ዘይት ቀየርኩ። ያስጨነቁኝ ሁለት ቱቦዎች ናቸው። እንዲህ ያሉ መኪናዎች ሞተራቸው ቶሎ ስለሚግል፣ ዘይቱ በአንድ ቱቦ ወጥቶ አፍንጫቸው ላይ ወዳለች ትንሽ ራዲያተር ይሄዳል። እዚያ ነፋስ አቀዝቅዞት በሌላው ቱቦ ይመለሳል። የጋሽ ኃይሉ መኪና ቱቦዎች ግን እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቀዋል፤ ስነካቸው በጣቴ ላይ ተፈረፈሩ። አንዱ ቱቦ የሚያልፈው ደግሞ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ነው። ያ ቱቦ መንገድ ላይ ቢፈነዳ፣ የፈላ ዘይት የጋለ ብረት ላይ ይረጫል። በመኪናዋ ውስጥ ቃል የገባ አባትና ቬሎ የለበሰች ልጅ አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ አልወርድልህ አለኝ።

ጋሽ ከድር መፍትሔው ቀላል መሰላቸው። «ቆርጠህ ድፈናት። ኩየራ ድረስ ያለ ማቀዝቀዣም ትሄዳለች።»

«ሚያዝያ ነው እኮ ጋሽ ከድር። የዝዋይ ሜዳ ይቀቅላታል።»

«ኧረ ተናገረ!» አሉ ዞር ብለው ለሌሎቹ። «ቱቦ ቢሆን ነው እንጂ ሙሌ አፉን አይከፍትም።»

አዲስ ቱቦ ከውጭ ማስመጣት የማይታሰብ ነበር። በእጄ የነበረው ምርጫ ሦስት ነው። አንደኛው አዲስ አበባ ከአሮጌ ዕቃ ተራ የተገኘ ጥቁር የቤንዚን ቱቦ። ሁለተኛው ጋሽ ከድር የወደዱት የመዳብ ቱቦ፣ እንደ ጥንቱ የጭነት መኪና። ሦስተኛው ከአንድ የተጣለ ትራክተር ላይ የፈታሁት የሃይድሮሊክ ቱቦ፣ ወፍራምና እንደ ዘንዶ ግትር።

ከእያንዳንዱ ቁራጭ ቆርጬ በጣሳ ዘይት ውስጥ ጨመርኩና በላምባ ምድጃ ላይ ጣድኩት። የቤንዚኑ ቱቦ ከሰዓት በኋላ እንደተዘፈዘፈ ሽንብራ አብጦ ተገኘ፤ በጥፍሬ ስጫነው ገባ። ተውኩት። መዳቡ ሙቀቱን ይችላል። ግን ሞተር ይንቀጠቀጣል፣ መዳብ ደግሞ መንቀጥቀጥ ሲበዛበት ይደርቅና አንድ ቀን ሳያስጠነቅቅ ይሰበራል። የትራክተሩ ቱቦ ከዘይቱ ሲወጣ እንደገባ ነበር። በቁመቱ ሰነጠቅኩት፤ በጎማው መካከል እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ የብረት ሽቦ አለው። ያን ሽቦ ሳይ ትንሽ ተነፈስኩ።

ችግሩ ጫፉ ላይ ነበር። የትራክተሩ ቱቦ ጥርስ ከጣሊያኑ ጥርስ ጋር አይገጥምም። የጣሊያኑን ጥርስ ለአዲሱ ቱቦ ለማትረፍ፣ የአሮጌዎቹን ቱቦዎች ጫፍ በመጋዝ ቀስ ብዬ፣ ውስጡን ሳልነካ፣ ቀለበቱን ብቻ ቆርጬ አወጣሁ። ጋሽ ከድር ራሳቸው በብረት መቅረጫው በቶርኖው ላይ አዲስ ቀለበት አወጡልኝ። በሞርሳ እየጨመቅን ገጠምናቸው። ከዚያ በክሪክ ፓምፕ ዘይት ሞልተን፣ ሞተሩ ከሚሰጠው ግፊት በላይ ገፍተን ሰቀልናቸውና ከሥራቸው ጋዜጣ አነጠፍን፣ ጠብታ ካለ እንዲታይ።

ጋሽ ከድር ጋዜጣውን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። «አንተ ልጅ ልታስበላን ነው? በሊቀ መንበሩ ፎቶ ላይ ዘይት ልታንጠባጥብ?» ገጹን በፍጥነት ገለበጥኩት። ጠዋት ስንመጣ የስፖርቱ ገጽ ደረቅ ነበር። ቢሆንም ልቤ አላመነም። ቱቦዎቹ ብረት በሚነኩበት ቦታ ሁሉ ከአሮጌ ጫማ ቆዳ ቆርጬ አለበስኳቸው፤ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ደግሞ ቆርቆሮ ጋረድኩ። እስከ ሠርጉ ዋዜማ ድረስ በየቀኑ ከሥሯ ገብቼ በጣቴ እዳስሳቸው ነበር።

በሠርጉ ጠዋት እኔ ከፔጆው ኋላ መለዋወጫ ዘይትና መፍቻ እየጫንኩ ሳለ እልልታው ተጀመረ። ቀና ስል ቀይዋ መኪና ከግቢ ወጥታ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ከቶሎሳ አጠገብ እትዬ በላይነሽ ድፎ ዳቦውን ታቅፈው ተቀመጡ። ከኋላ እኔና ሰሎሞን ገባን። በደስታውም በችኮላውም ማንም ምንም አላስተዋለም።

ጉዞው ለሌሎቹ ሠርግ፣ ለእኔ ግን ፈተና ነበር። ዓይኔን ከአስፋልቱ አልነቀልኩም፤ ከፊታችን ከምትሄደው መኪና አንዲት የዘይት ጠብታ ትወድቅ እንደሆነ እፈልጋለሁ። ጥቁር ነጥብ ባየሁ ቁጥር አንገቴን አሰግጋለሁ፤ ቀርበን ስናልፍ የከባድ መኪና አሮጌ ጠብታ ሆኖ ይገኛል። ሞጆን ታጥፈን የቆቃን ሐይቅ አለፍን። ዓለም ጤና ኬላ ላይ ወታደሩ የጋሽ ኃይሉን የይለፍ ወረቀት ገልብጦ ደጋግሞ ሲያይ፣ እሳቸው በመስኮቱ ወደ ፊት ብቻ ይመለከቱ ነበር። አለፍን። መቂ ላይ በየመንገዱ ዳር ቲማቲምና ፓፓያ ተከምሮ፣ ነጋዴዎቹ ሙሽራዋን አይተው እጃቸውን ያጨበጭባሉ። የሙሽራ መኪና ከተማ ስትደርስ መዝለግ አለባት፤ ክላክስ እየነፉ፣ ቀስ እያሉ፣ ሰው ጠግቦ እስኪያይ። ጋሽ ኃይሉም እንደ ወጉ ዘለጉ። እኔ በልቤ፣ ጋሼ ይፍጠኑ፣ ነፋስ ያግኝ እላለሁ።

ዝዋይ ስንገባ የዓሣ ጥብስ ሽታ በመስኮት ገባ። ቶሎሳ አፍንጫውን አንስቶ፣ «እትዬ፣ አንድ ቆሮሶ ለሹፌሩ?» አለ።

«የሙሽራ መኪና መንገድ ላይ አይቆምም» አሉ እትዬ በላይነሽ። «ከቆመ ትዳሩም ይቆማል። አጃቢም አይቆምም። ንዳ!»

ቡልቡላን እንዳለፍን ሰሎሞን ካሜራውን አውጥቶ፣ «ቶሌ፣ ጎን ለጎን ያዝልኝ፤ ከጎን ላንሳቸው» አለ። ቶሎሳ ወደ ግራ ወጥቶ ተጠጋ። ያን ጊዜ የመኪናዋን አፍንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት።

አፍንጫ አልነበራትም። ከላይ እስከ ታች፣ ከመብራት እስከ መብራት፣ ቡገንቪሊያና ቅጠል በነጭ ሻሽ ተጎንጉኖ ታስሯል። ትንሿ የዘይት ራዲያተር ያለችበት የታችኛው አፍ ሳይቀር ተሸፍኗል። እትዬ በላይነሽ ሲነጋጋ ተነስተው በገዛ እጃቸው ያስጌጡት ነው። ዳር ዳሩ ላይ ያለው አበባ ገና ትኩስ ነው፤ ከመሐል ያለው ግን ጠቁሮ፣ እንደ በሰለ ጎመን ተኝቷል። መኪናዋ አበባውን እየቀቀለችው ነበር።

«ይቁሙ» አልኩ። ድምፄን ራሴም አልሰማሁትም።

«ማል ታቴ ሙሌ? ምን ሆንክ?» አለ ቶሎሳ በመስታወቱ እያየኝ።

«አበባው! ይቁሙ! ዘይቱ አየር አጥቷል!»

ቶሎሳ ክላክስ ነፋ። ጋሽ ኃይሉም በደስታ መልሰው ነፉ። እስከ ወገቤ በመስኮት ወጥቼ እጄን አወናጨፍኩ፤ ማርታ ሰላም ያልኳት መስሏት በነጭ ጓንቷ ሰላምታዬን መለሰች። እትዬ በላይነሽ ሱሪዬን ይዘው ወደ ውስጥ እየጎተቱ፣ «ሙሽራ አይቆምም ብያለሁ! ይሄ ልጅ አበደ!» ይጮኻሉ።

«ቶሎሳ፣ ቅደማቸው!» አልኩ። በሕይወቴ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር።

ቶሎሳ ነዳጁን ረግጦ ቀደማቸውና ከፊታቸው ተሻግሮ ቆመ። ጎማ ሲጮኽ ሰማሁ። አቧራው ሲገለጥ፣ በመስታወቱ ውስጥ ጋሽ ኃይሉን አየኋቸው። ሁለቱም እጃቸው ከመሪው ተነስቶ ወደ ላይ ነበር፤ መዳፋቸው ተከፍቶ፣ ጣታቸው ሳይንቀሳቀስ። በዚያ ዘመን አንድ መኪና ከኋላ መጥቶ ቀድሞ መንገድ ሲዘጋ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ለቱቦ ስጨነቅ ይህ አልታሰበኝም። ማርታ እጃቸውን ይዛ ቀስ ብላ አወረደችላቸው። አንድ ነገር አሏት፤ አንድ ነገር መለሰችላቸው።

በሩን ከፍተው ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሏል። «ምንድን ነው ሙሌ?»

«አበባው ነው ጋሼ።»

«አበባው?»

«አየር ከለከላት።»

አበባውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ከዚያ ከአካላቸው የማይጠበቅ ሳቅ ሳቁ። ሳቁ ሳያልቅ እትዬ በላይነሽ ደረሱ። «ማነው ያስቆመው? ጠላት ነህ ወይስ ወዳጅ? ገና ሳትገባ ትዳሯን ልታፈርስ!»

ማርታ ከመኪናው ወርዳ ቬሎዋን ሰብስባ መጣች። «እትዬ፣ ትዳሬን የሚያፈርሰው መቆሙ ነው ወይስ መቃጠሉ?» አለችና ሻሹን በገዛ እጇ ፈታችው። የበሰለው አበባ እግሯ ሥር ተዘረገፈ።

«የሙሽራ መኪና ራቁቷን ትግባ ነው የምትሉኝ?» አሉ አክስቷ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

ጋሽ ኃይሉ የእህታቸውን ትከሻ ያዙ። «በላይነሽ፣ እኔ መቆም ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ይሄ መቆም አይባልም። ማረፍ ነው።»

ኮፈኑን ከፈትኩ። ሙቀቱ እንደ እንፋሎት ፊቴን መታኝ። ቱቦዎቹ አልፈነዱም፤ ጎማው አላበጠም፤ ሽቦው ይዟል። ከጭስ ማውጫው አጠገብ ባለው መጋጠሚያ ላይ ግን አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች። ልትወድቅ ነው እያልኩ ጎንበስ ብዬ ጠበቅኳት። ሞተሩ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ወደ ላይ የተሰበሰበች መሰለኝ። አልወደቀችም። ሲበርድ መጋጠሚያውን ጥቂት አጠበቅኩት፣ ዘይት ጨመርኩ።

«የዘይት ግፊቱ መርፌ ከመቂ ጀምሮ እየወረደ ነበር» አሉኝ ጋሽ ኃይሉ አጠገቤ ጎንበስ ብለው፣ ሌላ እንዳይሰማ።

«ታዲያ ለምን አላቆሙም ጋሼ?»

«አልቆምም ብዬ ቃል ገብቼ ነበራ። ደግሞ አንተ ከኋላዬ ነበርክ።»

ሰሎሞን፣ «ዝም ብሎ ከመቆም ፎቶ እንነሳ» ያለው ያን ጊዜ ነው። ከግራሮቹ ባሻገር የላንጋኖ ቡናማ ውኃ ይታያል። እትዬ በላይነሽ ለሙሽራው ወገን የተዘጋጀውን ድፎ ዳቦ ከዳሩ ቆርሰው ለሁሉም አደሉ። የእኔን ሲሰጡኝ፣ «ብላ፣ አበባ ጠል» አሉኝ። ከብዙ ቀን በኋላ ምግብ የወረደልኝ ያኔ ነው። የዚያ ዳቦ የጥቁር አዝሙድ ጣዕም እስካሁን ምላሴ ላይ አለ።

ከዚያ በኋላ ነፋሱ በክፍት አፍንጫዋ እየገባላት ነገሌን አልፈን፣ ስንዴው በታጨደበት ሜዳ መሐል ኩየራ ገባን። የዮናስ እናት በሩ ላይ ሆነው መኪናዋን አዩና መጀመሪያ የጠየቁት፣ «አበባዋስ?» ብለው ነው። ሁላችንም ወደ እትዬ በላይነሽ ዞርን። እሳቸው አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ «መንገድ ላይ ራባትና በላችው!» አሉ። እልልታው የግቢውን ጥንቃቄ ሁሉ አስረስቶ ወጣ።

ዛሬ አዳማ ላይ ቅዳሜና እሁድ የሙሽራ መኪናዎች በቤቴ አጠገብ ያልፋሉ። ክላክስ ስሰማ ወደ መስኮት እሄዳለሁ። የማየው ሙሽሮቹን አይደለም፤ አበባው የት ላይ እንደታሰረ ነው። እነዚህ አዳዲሶቹ አበባቸውን ኮፈኑ ላይ ያደርጉታል፤ ደግ ነው። እኔ ያን ጊዜ የፈራሁት የመረጥኩትን ጎማ ነበር፤ የገጠምኩትን ቀለበት፣ የቆረጥኩትን ቆዳ። በፍቅር ስለታሰረ ሻሽ ማን ይጨነቃል?

እንግዲህ እኔ የማስታውሰው ይህን ነው። የተሳሳትኩት ካለ የነበራችሁ አርሙኝ። ቶሎሳ፣ አሁን ሻሸመኔ እንዳለህ ሰምቻለሁ፤ ያን የበሰለ አበባ አንተ ግራር ላይ ሰቅለኸዋል ይላሉ፣ እኔ ግን እትዬ በላይነሽ ጭናቸው ላይ አድርገው እስከ ኩየራ እንደወሰዱት ነው ትዝ የሚለኝ። ሰሎሞን፣ ከጎን ላንሳ ያልከው ፎቶ ወጥቶ እንደሆነ ላክልኝ፤ አበባው በአፍንጫዋ ላይ ሳለ የሚያሳይ ሌላ የለም።

አንቺ ደግሞ ማርታ። እትዬም ጋሽ ኃይሉም አልፈዋል። እጃቸውን ስታወርጂላቸው ያሉሽንና የመለስሽላቸውን፣ መስታወቱ ተዘግቶ ስለነበር አልሰማሁም። ይህን ያህል ዘመን ልጠይቅሽ እየፈለግሁ ዝም አልኩ፤ ታውቂኛለሽ። ለልጅሽ መጻፍ የጀመርኩትም ለካ ወደዚህ ለመድረስ ኖሯል። መንገር የሚቻል ከሆነ፣ እሱን አንቺ ጨምሪበት።